የአይሮፕላን አደጋና የነፍስ ዋጋ

አይሮፕላን ወድቆ ሰው ባለቀ ጊዜ ሁለት መዝገብ ይከፈታል። አንደኛው መዝገብ በየቤቱና በየአጥቢያው የሚከፈት ነው፤ በዚህ ላይ የሟቾች ስመ ክርስትና ይጻፋል፥ ፍትሐት ይደረሳል፥ አርባውና ሰማንያው ይቈጠራል። ሁለተኛው መዝገብ የሚከፈተው ግን በአይሮፕላን ሠሪዎች፥ በመድን ሰጪዎችና በመንግሥታት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በዚህኛው ላይ ስም የለም፥ ያለው ቍጥር ብቻ ነው። ከምእመናን ብዙዎቹ ይህ ሁለተኛው መዝገብ መኖሩን በሰሙ ጊዜ ይከፋቸዋል፤ «እግዚአብሔር በአርአያው የፈጠረው ሰው በገንዘብ ይተመናልን?» ብለውም ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ነገር ግን ሁለተኛውን መዝገብ ገልጦ ያነበበ ሰው የሚያስቈጣውን ነገር የሚያገኘው መጀመሪያ በጠረጠረው ገጽ ላይ ሳይሆን በሌላ ገጽ ላይ ነው።

በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ዳዊት ደግሜአለሁ፥ ድቁናም ተቀብያለሁ፤ ከዚያም ዘመናዊ ትምህርት ተምሬ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሒሳብ በማስተማር እኖራለሁ። በቤተ ክርስቲያን ቍጥርን የተማርሁት በባሕረ ሐሳብ ነው፤ በዚያ ቍጥር በዓልንና ጾምን ለማወጅ ያገለግላል። በትምህርት ቤት ደግሞ ለንግድም ለምሕንድስናም እንደሚያገለግል ተማርሁ። ስለዚህ ቍጥርን እንደ ርኩስ ነገር አላየውም፤ በማን እጅ እንደ ገባና ለምን ሥራ እንደ ዋለ ግን እመረምራለሁ።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን ሁላችንም የምናስታውሰው ኀዘን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ፥ ቅድስት ነበረ። በዚያ ዕለት ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302ኛው በረራ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ጕዞ ጀመረ፤ ከ6 ደቂቃ በኋላም በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ከገበሬ ማሳ ላይ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የአይሮፕላኑ ሠራተኞች፥ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። ሰዎቹ የ35 አገሮች ዜጎች ነበሩ። በሳምንቱ፥ በምኵራብ እሑድ፥ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፍትሐት በተደረገ ጊዜ በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ 17 ሣጥኖች ቀርበው ነበር፤ በውስጣቸው ግን ሬሳ አልነበረባቸውም። ለኀዘንተኞች ከአደጋው ቦታ የተወሰደ የተቃጠለ አፈር አንድ አንድ ኪሎ ያህል ተሰጥቷቸው ነበር። የአፈርን ነገር በፍትሐት ጊዜ ስንሰማ የኖርን ሰዎች እንኳ እንዲህ ባለ መልክ እናየዋለን ብለን አላሰብንም ነበር።

አይሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 የተባለው ዓይነት ሲሆን ከፋብሪካ ከወጣ ገና 4 ወሩ ነበር። ከዚህም አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፥ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ የዚሁ ዓይነት አይሮፕላን በጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። የሁለቱ አደጋዎች ሙታን በድምሩ 346 ሆኑ። በሁለቱም አይሮፕላኖች ውስጥ «ኤምካስ» የተባለ ስልት ነበረ፤ ይኸውም የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ሽቅብ ያለ በመሰለው ጊዜ ማንም ሳያዝዘው ቍልቍል የሚደፋው ነው። አይሮፕላኑ ሁለት ጠቋሚ መሣሪያዎች እያሉት ይህ ስልት የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር፤ ያም አንዱ ሐሰት በነገረው ጊዜ ፓይለቶቹ ሽቅብ ሲስቡ እርሱ ቍልቍል ይደፋ ነበር። በጥንቱ የፍርድ ሥርዓታችን አንድ ምስክር ለብቻው ይበቃ እንዳልነበረ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል።

አሁን ሁለተኛውን መዝገብ እንግለጥ። በመጀመሪያው መስመር የሚጻፈው የአይሮፕላኑ ዋጋ ነው። በጊዜው በዋጋ ዝርዝር ላይ የተጻፈው 121.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበረ፥ ምንም እንኳ ገዢዎች ተከራክረው ከዚያ ባነሰ ዋጋ ቢገዙት። ይህ ለዐይን ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ከጠቅላላው ኪሣራ ጋር ሲነጻጸር ግን ከእህል ክምር ላይ እንደ ተነሣች እፍኝ ነው። የፍለጋው፥ የምርመራውና ሬሳን ለይቶ የማወቁ ወጪ ይከተላል። ከሁሉ የከበደው ግን የሰው እምነት መጥፋቱ ነው። አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥታት ይህ ዓይነት አይሮፕላን እንዳይበርር ከለከሉ፤ በአሜሪካ ክልከላው 20 ወር ቆየ። ለእኛ አየር መንገድ የቀሩት 4 አይሮፕላኖችም እስከ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ መንገደኛ ሳይጭኑ ቆሙ። አይሮፕላን ደግሞ እንደ በሬ ነው፤ ሥራ ፈትቶ ቢቆምም መብላቱን አይተውም፤ ወለዱም፥ ጥበቃውም፥ የሠራተኛው ደመወዝም ይሄዳል። ቦይንግ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣው ሒሳብ የዚህ ክልከላ ጠቅላላ ወጪ ወደ 18.6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገመተ፤ የ2019ን ዓመትም በ636 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ኪሣራ ዘጋ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለ ኪሣራ አይቶ አያውቅም ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር ለአይሮፕላን ሠሪዎች እንግዳ አልነበረም። በ1954 እ.ኤ.አ. ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ አይሮፕላኖች፥ ማለት በዓለም ላይ አስቀድመው መንገደኛ ያመላለሱት ጄቶች፥ ሁለቱ በአራት ወር ውስጥ ብረታቸው ደክሞ በአየር ላይ እየተሰነጠቁ ከባሕር ወደቁ። ኮሜት ተሻሽሎ በ1958 ወደ ሥራ ሲመለስ ያንጊዜውን የአሜሪካው ቦይንግ 707 መጥቶ ገበያውን ያዘ። የአንዱ ውድቀት የሌላው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው፤ ሲሳዩን ያገኘው ግን ትምህርቱን ይዞት እንደ ቆየ ያጠራጥራል።

በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቦይንግ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ስለ ማክስ ነገር ስምምነት ተፈራረመ። የገንዘቡ ጠቅላላ መጠን ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረ፤ ከዚህም 243.6 ሚሊዮኑ የወንጀል መቀጫ፥ 1.77 ቢሊዮኑ አይሮፕላኖቹን ለገዙ አየር መንገዶች ካሣ፥ 500 ሚሊዮኑ ደግሞ ለ346ቱ ሟቾች ወራሾች የሚሆን ነው። እነዚህን ቍጥሮች ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ንጽጽሩን እንዲያወጡ አዘዝኋቸው። ለአየር መንገዶች የተመደበው ለሟቾች ቤተሰብ ከተመደበው ሦስት እጥፍ ተኩል እንደሚሆን በፍጥነት አገኙት። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን እጇን አንሥታ «መምህር፥ እንግዲያ የሞቱት ሰዎቹ ናቸው ወይስ አይሮፕላኖቹ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። በእርግጥ ቤተሰቦቹ ከዚህ ሌላ በፍርድ ቤት የየራሳቸውን ካሣ ጠይቀዋል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማም ቦይንግ ስለ ኢትዮጵያው አደጋ ኃላፊነቱን ተቀብሏል። ይህን ለተማሪዎቹ አስረድቻቸዋለሁ። የልጅቷ ጥያቄ ግን በዚህ አልተመለሰም።

የሞተውን ሰው በገንዘብ መተመን ከአየር ንግድ ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ከተማ የተደረገው ውል ለአንድ መንገደኛ ሞት አጓጓዡ የሚከፍለው ከ125,000 የወርቅ ፍራንክ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ያን ጊዜ ገና ጨቅላ የነበረው የአየር ንግድ በአንድ አደጋ እንዳይጠፋ ታስቦ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተደረገው ውል ይህን አሻሻለው። በዚህ ውል መሠረት አጓጓዡ ጥፋት ባይኖርበትም እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ለሚጠየቀው ግን ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን ካስረዳ ይድናል። መጠኑ የሚቈጠረው የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት ኤስ.ዲ.አር. በተባለ መለኪያ ነው። የቢሾፍቱው አደጋ በደረሰ ጊዜ ለአንድ ሰው ሞት የተወሰነው 113,100 ነበረ፥ ይኸውም ከ150 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ለጠፋ ሻንጣ የተወሰነው ደግሞ 1,131 ነበረ። አንባቢ ሆይ፥ ሁለቱን ቍጥሮች ጐን ለጐን አድርገህ ተመልከታቸው። አንዱ የሌላው መቶ እጥፍ ነው። የሻንጣው ቍጥር የካሣው መጨረሻ ሲሆን የሰውየው ግን ያለ ክርክር የሚከፈለው ብቻ ስለ ሆነ፥ ውሉን የጻፉት ሰዎች አንድ ነፍስ መቶ ሻንጣ ናት አላሉም። ይሁን እንጂ የሒሳብ መምህር ይህን አይቶ በዝምታ አያልፍም።

ከዚያ በላይ ያለውን ካሣ የሚተምን ፍርድ ቤት ሟቹ ቢኖር ኖሮ ስንት ዓመት ይሠራ፥ ስንትስ ያገኝ ነበር ብሎ ይመረምራል። አሳቡ ለቤተሰቡ የጐደለውን እንጀራ ለመተካት ስለ ሆነ ክፉ ነው አይባልም፤ ፍሬው ግን እንግዳ ነው። በአንድ ረድፍ ጐን ለጐን ተቀምጠው ከሞቱት ሰዎች መካከል የባንክ ሹሙ ብዙ ሚሊዮን ሲያወጣ፥ ልጆቿን በቤት ስታሳድግ የኖረች እናት ከእርሱ እጅግ ያነሰ ታወጣለች፤ ደመወዝ የሌለው መነኵሴማ የሚያወጣው ነገር ያጠራጥራል። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተጠለፉት አይሮፕላኖች ምክንያት ላለቁት ሰዎች የአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው ፈንድ ይህን በግልጥ አሳየ፤ ለአንዱ ሟች ቤተሰብ 250,000 ዶላር ሲደርስ ለሌላው 7.1 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ያን ገንዘብ ያከፋፈለው ኬኔት ፋይንበርግ የተባለ የሕግ ሰው በ2019 ደግሞ ቦይንግ ለ346ቱ ሟቾች ቤተሰብ በመጀመሪያ የመደበውን 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲያከፋፍል ተመረጠ። በዚህኛው ጊዜ ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ እኩል 144,500 ዶላር ተወሰነ። ገንዘቡ ከኪሣራው ሁሉ ጋር ሲታይ ጥቂት ነው፤ አከፋፈሉን ግን ወድጄዋለሁ።

እግረ መንገዴን ስለ ካሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ክርስቲያኖችን ሲያስጨንቅ አይቻለሁና። በአጥቢያችን አንዲት እናት ልጃቸውን በመኪና አደጋ አጡ። የመድን ገንዘብ በመጣላቸው ጊዜ «የልጄን ደም አልበላም» ብለው ዓመት ሙሉ ሳይቀበሉ ቆዩ፤ ገንዘቡ እንደ ይሁዳ ሠላሳ ብር ሆኖ ታይቷቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው ግን «ልጄ፥ ሠላሳው ብር የተከፈለው ሰው እንዲሞት ነው፤ ይህኛው የሚከፈለው ሰው ስለ ሞተ ነው። ልጅሽ ቢኖር ኖሮ በየወሩ ያመጣልሽ የነበረውን ጤፍ ነው የሚሰጡሽ» አሏቸው። እርሳቸውም ተቀበሉ፤ የሁለት የልጅ ልጆቻቸውንም ትምህርት አስቀጠሉበት። ስለ ካሣ ምንነት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁም።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ ዓይነት ተመን አለ፤ እርሱን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ይጠሉታል፥ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ተቀብዬዋለሁ። ቶማስ ሼሊንግ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ጥያቄውን ገለበጠው። የሞተ ሰው ዋጋው ስንት ነው አይባል፤ ይልቁንስ ማን እንደሚሞት ገና ሳይታወቅ ሰዎች አደጋውን ለመቀነስ ስንት ለመክፈል ይፈቅዳሉ ተብሎ ይጠየቅ አለ። ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፥ 10,000 ሰዎች ባሉባት ከተማ በየዓመቱ አንድ ሰው በአንድ ዓይነት አደጋ ይሞታል እንበል። ማንኛው እንደሚሞት አይታወቅም። ይህን ሞት ለማስቀረት እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ለማዋጣት ቢፈቅዱ ድምሩ 10 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሊቃውንቱ የአንድ ሕይወት ተመን ብለው የሚጠሩት ይህንኑ ድምር ነው። እኛ ዕድርን እናውቃለን፤ ዕድር ሰው ከሞተ በኋላ ለመቅበር የሚዋጣበት ማኅበር ነው። ይህኛው ግን ሰው እንዳይሞት አስቀድሞ የሚዋጣ ዕድር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ይህን ተመን ለ2023 እ.ኤ.አ. 13.2 ሚሊዮን ዶላር አድርጎታል። አዲስ የጥንቃቄ ደንብ ሊወጣ ሲታሰብ የደንቡ ወጪ በአንድ ወገን፥ ደንቡ ያድናቸዋል የሚባሉት ሰዎች ቍጥር በዚህ ተመን ተባዝቶ በሌላ ወገን ሆኖ ይመዘናል። ልብ እንድንለው የሚገባን ግን የገንዘቡ መጠን አይደለም። ተመኑ ለባለጸጋውም ለድኻውም፥ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንድ መሆኑ ነው፤ በሰውየው ገቢና ዕድሜ መለያየት ክልክል ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ከሞት በኋላ በርኅራኄ የሚተመነው ካሣ ሰውን ከሰው ያበላልጣል፤ ከሞት በፊት በቀዝቃዛ ስሌት የሚወጣው ቍጥር ግን ሁሉን እኩል ያደርጋል። ርኅራኄ ያለበት መስሎ የታየኝ ገጽ አድልዎ ተገኘበት፤ ጭካኔ ያለበት መስሎ የታየኝ ገጽ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የሚቀራረበው እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና ቍጥሩን የሚያነብ ሰው ካልታዘዘለት በወረቀት ላይ ይቀራል። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ስሌት አድርገው ነበር፤ ያ ጕድለት ሳይታረም ቢቀር በማክስ አይሮፕላኖች የአገልግሎት ዘመን ውስጥ እስከ 15 የሚደርሱ ሌሎች አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመቱ። ይህ ወረቀት በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ለሕዝብ ተገለጠ። እኔ በዚህ ላይ የራሴን ማባዛት ላድርግ። በአንድ አይሮፕላን 150 ሰው ብንቈጥር፥ 15 አደጋ ማለት 2,250 ሰው ነው፤ የአንዱን ሕይወት ተመን በጊዜው እንደ ነበረው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ብናደርገው ድምሩ 22.5 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። ለፓይለቶች ማስጠንቀቂያ ተላለፈ፥ ስልቱም እንዲታረም ታሰበ፤ እርማቱ እስኪደርስ ድረስ ግን አይሮፕላኖቹ እንዲበርሩ ተፈቀደ። የእኛዎቹ 157 የሞቱት በዚያ «እስኪደርስ ድረስ» በተባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ አስቀድሞ የተቈጠበው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ነበረ ይታወቃል። ቦይንግ ማክስን ለሳውዝዌስት አየር መንገድ ሲሸጥ፥ ፓይለቶቹ ለአዲሱ አይሮፕላን በምድር ላይ ባለው የበረራ መለማመጃ መሣሪያ መሠልጠን ግዴታ የሚሆንባቸው ከሆነ ከእያንዳንዱ አይሮፕላን ዋጋ ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀንስለት ውል ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ውል የገባ ሰው ሥልጠና አያስፈልግም ተብሎ እንዲወሰን መድከሙ አይቀርም። በሁለተኛው መዝገብ ላይ የሚያስቈጣኝ ገጽ ይህ ነው። ሰው በገንዘብ መተመኑ ሳይሆን፥ ጥንቃቄው በሚሊዮን ተቈጥሮ ውድ ነው ሲባል የሰዎቹ ዋጋ በሚዛኑ በሌላ ወገን ሳይቀመጥ መቅረቱ ነው።

የጥንቃቄው ዋጋ ሁልጊዜ ሚሊዮን አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ፥ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፥ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የአየር መንገዳችን አይሮፕላን ከእርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ፤ ወፎቹ ከሞተሮቹ ገብተው ሁለቱንም ስላበላሿቸው አይሮፕላኑ በደረቱ ምድር ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እርግብን ማንም ከፍርድ ቤት አያቆማት። ነገር ግን በአይሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሣር ማጨድ፥ ቆሻሻ እንዳይከማች ማድረግ፥ ወፍ በድምፅ የሚያባርር ዘበኛ መቅጠር የቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው። ያ ዘበኛ በዘመኑ ሁሉ አንድ አደጋ ቢያስቀር የሠራውን ሥራ ስፋት ማንም አያውቅለትም፥ እርሱም ራሱ አያውቀውም።

በየትኛውም ስሌት የማይገባው የቤተሰብ ኀዘን ነው። የእኛ ሕግ ግን ለዚህም ቍጥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2116ኛው አንቀጽ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስናል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ኀዘን በገንዘብ እንደማይለካ ለማሳየት አስበው ይሆናል፤ ያን ጊዜም 1,000 ብር 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። የሞንትሪያሉ ውል ቍጥሮች በየአምስት ዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር እየተያዩ ይታረማሉ፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ ሞት 151,880፥ ለሻንጣውም 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ሆኗል። የእናት ኀዘን ግን በሕጋችን መጽሐፍ ላይ እንደ ተጻፈ 1,000 ብር ነው።